ሳትከፈት የምትበየድ ሙዳይ

ኖቮ ሃምቡርጎ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለማላውቅሽ የወንድሜ ልጅ ለሃይድሩን፤

ይህ ወረቀት በጤና፣ እጅሽም ሥራ ሳይፈታ ያግኝሽ። እኔ አክስትሽ ሎሬ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ ከጉልበቴ በቀር የሚያማርረኝ የለም። እናትሽ ኢልዘ ካረፈች ወዲህ የገና ካርድ የሚልክልኝ ሰው ስለጠፋ፣ ይህ አድራሻ እናንተን ያግኝ አያግኝ ሳላውቅ ነው የምጽፈው። ነፍሷን ይማር። በየዓመቱ «ኦይገንም ሰላም ብሎሻል» እያለች ትጽፍልኝ ነበር። አባትሽ እንዳላለ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቅ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በ1953 ከፎርትስሃይም ስወጣ አባትሽ በገዛ እጁ የሠራልኝ አንዲት የወርቅ ሙዳይ አለችኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች። ሁለት ጉልላቶች ተገጣጥመው ዙሪያቸውን ተበይደዋል፤ መክፈቻ የላትም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ከአንገቴ ወርዳ አታውቅም። ባለፈው ወር ልብስ ሳሰጣ ማንጠልጠያዋ ተበጠሰና ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። የጎኗ ስፌትም ምላጭ የማያስገባ ስንጥቅ አወጣ።

እዚህ ሰፈር ቫልዶሚሮ የሚባል ሰዓትና ወርቅ ጠጋኝ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ማለቂያ የለውም። ሙዳይቱን አገላብጦ አይቶ፣ ነበልባል ካስጠጋሁባት ውስጧ ያለው ሁሉ ይነዳል፣ አለዚያ ልክፈታት አለኝ። መክፈት የሚባል ነገር አይታሰብም አልኩት። ያኔ ነው በእናንተ ከተማ በብርሃን የሚበይድ መሣሪያ እንዳለ የነገረኝ፤ ወርቁን ብቻ ያቀልጣል፣ አጠገቡ ያለውን አይነካም አለ። የወርቅ ከተማ ልጅ ሆነሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ ብሎም ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

የአባትሽን ሱቅ አንቺ እንደያዝሽው እናትሽ ጽፋልኝ ነበር። ይህ የብርሃን መሣሪያ አለሽ? ካለሽ ሙዳዬ ሳትከፈት ትበየድልኝ። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

አባትሽስ እንዴት ነው? በዚህ ሁሉ ዓመት በእጁ የተጻፈ አንዲት መስመር አልደረሰችኝም። ሳልሞት አንዲት ብትደርሰኝ ደስ ይለኛል። ይህን አንብቢለት አልልሽም፤ አታንብቢለትም አልልሽም።

እግዚአብሔር ደጃፍሽን ይጠብቅ።
አክስትሽ ሎሬ


ፎርትስሃይም፣ ማርች 16 ቀን 1998

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሎሬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበር፤ ቆሜ አነበብኩት፤ ደንበኛውም «መርዶ ነው እንዴ?» አለኝ። የእናቴን ስም የሚጠራ ሰው ካገኘሁ ቆይቻለሁ።

መሣሪያው አለኝ። ካስገባሁት አራት ዓመት ሆነው። የወጥ ቤት ቁምሳጥን የሚያክል ነው፤ ከፊቱ እጅ የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች፣ ከላዩ ማይክሮስኮፕ፣ ከሥሩ የልብስ ስፌት መኪና ዓይነት ፔዳል አለው። ውስጡ አንድ ኃይለኛ አምፖል ብልጭ ሲል ከጎኑ የተኛውን የክሪስታል ዘንግ ይቀሰቅሰዋል። ከዘንጉ የሚወጣው ብርሃን በሁለት መስታወቶች መካከል እየተመላለሰ ይበረታና፣ ሳይበተን በአንድ አቅጣጫ ይወጣል። ሌዘር የሚሉት ይህንን ነው። ከዚያ ሌንስ ሰብስቦ ከመርፌ ጫፍ ብዙም በማትበልጥ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። የሚቆየው ከሰከንድ አንድ መቶኛ እንኳ ላነሰ ጊዜ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ወርቁ ይቀልጥና መልሶ ይረጋል። ሙቀቱ ወደ ጎን ለመሄድ ጊዜ አያገኝም። አባባ በነበልባል ሲሠራ ዕንቁውን ከቀለበቱ ነቅሎ፣ በይዶ፣ መልሶ ይተክል ነበር፤ ከዕንቁ ጋር ነበልባል አይስማማም። እኔ ግን ዕንቁው እንዳለ፣ ቀለበቱን በባዶ ጣቴ ይዤ እበይዳለሁ። ለብ ይለኛል እንጂ አያቃጥለኝም።

አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በማይክሮስኮፑ ስመለከት መሃሉ ላይ መስቀል አለ። ስፌቱን ከመስቀሉ ሥር አመጣና ፔዳሉን እረግጣለሁ፤ ጠቅ ይላል። ትንሽ አንቀሳቅሼ ደግሞ እረግጣለሁ፤ ሁለተኛዋ ነጥብ የመጀመሪያዋን ግማሽ ትሸፍናለች። እንዲህ እያልኩ ዙሪያውን እዘጋለሁ። አየር ወርቁን እንዳያጠቁረው አርጎን የሚባል ጋዝ በቀጭን ቱቦ ይነፍስበታል። የሚያስቸግረኝ ብር ነው፤ ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ አስቀድሜ በጥቁር ማርከር እቀባዋለሁ፤ ጥቁር ሲሆን ብርሃኑን ይቀበላል። ይህን ስሠራ ያዩኝ ደንበኞች ዕቃቸውን ያበላሸሁባቸው ይመስላቸዋል።

አባባ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሆኖም በየቀኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ በቀድሞ ጠረጴዛው ተቀምጦ ዳቦና የጉበት ቋሊማውን ይበላል፤ እጁንም ይታጠባል። የታጠበበትን ውሃ አሁንም እንደ ድሮው በርሜሉ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ የወርቅ ብናኝ እንዳይባክን ብሎ ነው። ወርቅ ከነካ ግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መሣሪያዬን «የዶሮ ቤት» ይለዋል። እጅ አስገብቶ እንቁላል መፈለግ ነው እንጂ ይህ አንጥረኝነት አይደለም ይላል።

ሙዳይቱን ይላኩልኝ። ውስጧ ምን እንዳለ ግን ልወቅ፤ እርጥበት ካለው ተንኖ ስፌቱን ይፈነቅለዋል። ደብዳቤዎን ለአባባ አንብቤለታለሁ። እስከ መጨረሻው ሰምቶ መነጽሩን ጠረገ።

በጤና ያቆይልኝ።
ሃይድሩን


ኖቮ ሃምቡርጎ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1998

ለልጄ ለሃይድሩን፤

ሰላምሽ ይብዛ። መጀመሪያ ነገር፣ እርስዎ አትበይኝ። ገና ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊም አይደለሁም። አንቺ በይኝ።

ውስጧ ያለው የእናታችን ጸጉር ነው። አያትሽ በ1952 መኸር ስታርፍ፣ ሣጥኑ ሳይዘጋ እኔ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩት። ቤታችን በጦርነቱ ከነዕቃው ስለተቃጠለ ፎቶ እንኳ አልነበረንም፤ ከእሷ የቀረን ያ አንድ ጉንጉን ብቻ ነው። ወደዚህ ልሄድ ስል ለኦይገን ሰጠሁት። ሙዳይ ውስጥ አደርግልሻለሁ፣ የባሕሩ እርጥበት እንዳይገባው ዙሪያውን እደፍነዋለሁ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ አንጥረኛ ከተባለ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እኔም በእሱ የምኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። በሄድኩበት ጠዋት ባቡር ጣቢያ እየሮጠ መጥቶ አንገቴ ላይ አሰረልኝ። «መቼም እንዳትከፍቻት» አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ስለ እርጥበቱ እንዳታስቢ፤ ከእኔ ላብ በቀር እርጥበት አላገኛትም። በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬ በአደራ ፖስታ ልኬልሻለሁ።

ሌላ ደግሞ ልጠይቅሽ። ባለፈው ዓመት ልቤ እየዘገየ ስላስቸገረኝ ሐኪሞቹ ደረቴ ላይ፣ ከቆዳዬ ሥር፣ የልብ ምት የሚያስተካክል ትንሽ ሣጥን አስገብተውልኛል። በጣቴ ስነካው ጠርዙ ይታወቀኛል። ቫልዶሚሮ ይህም የተዘጋው በዚያው ብርሃን ነው ይለኛል። ሰውዬው ሊያስደስተኝ ነው ወይስ እውነት ነው?

አመሻሹ ላይ በረንዳው ላይ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻይ ስጠጣ እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ይሄዳል። ባዶ ነው። ቶሎ መልሺልኝ።

እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ።
ሎሬ


ፎርትስሃይም፣ ጁን 30 ቀን 1998

ለውድ አክስቴ ለሎሬ፤

ባለሽበት ሰላም ሁኚ፤ ልብሽም ሳይዘገይ ይምታ። ሙዳይሽ ደርሳኛለች። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቫልዶሚሮ እውነቱን ነው። ደረትሽ ላይ ያለው ሣጥን ሁለት የታይታንየም ቅርፊት ነው። ውስጡ ባትሪና ስስ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ ነበልባል ቢነካው ያኔውኑ ይበላሻል፤ በሌዘር ግን ጠርዙ ብቻ ቀልጦ ይዘጋል። ከዚያ በሂሊየም ጋዝ ይፈትኑታል፤ ጥቂት እንኳ ካሾለከ ይጣላል። ባትሪው ሲያልቅም አይከፈትም፤ ሣጥኑ እንዳለ ወጥቶ ሌላ ይገባል።

ይህ ብርሃን ያልገባበት ቤት የለም። ከሱቄ በላይ ፎቅ ያለው የጥርስ ቴክኒሻን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚይዘውን ብረት በዚሁ ይጠግናል። የጺም መላጫ ስለቶች ከመያዣቸው ጋር የሚጣበቁት በዚህ ነው፤ ልብ ብለሽ ብታዪው ተርታውን የቆሙ ነጥቦች ታያለሽ። በትልልቆቹ የመኪና ፋብሪካዎች ሮቦት ክንዱን ዘርግቶ ጣሪያውን ከጎኑ ጋር እየሄደ ይሰፋዋል፤ እዚያ ማንም እጁን አያስገባም፣ ብርሃኑ ከእኔው ብዙ እጥፍ ይበረታል፣ ዓይንም ያጠፋል። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ የተበላ ጠርዝ ሲያጋጥመው ቀጭን ሽቦ እያቀለጠ ይሞላዋል። የመነጽር ክፈፍም፣ የሰዓት ቁልፍም እንዲሁ ነው።

ሙዳይሽን ግን ገና አልበየድኳትም። የመሣሪያው አምፖል አልቆ አዲስ አዝዣለሁ።

አባባ ደህና ነው። ሰሞኑን ወደ ሱቅ አልመጣም፤ ሙቀቱ ከብዶት ይሆናል።

ሃይድሩን


ኖቮ ሃምቡርጎ፣ ኦገስት 11 ቀን 1998

ለሃይድሩን፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

ለአንድ አምፖል ይህን ያህል መጠበቅ አለ? እኛ ጋ የጫማ ፋብሪካው ማሽን ሲሰበር እንኳ ዕቃው ከሳኦ ፓውሎ በሁለት ሳምንት ይመጣል። በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ መኪና ጣሪያ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ ሙዳዬ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያልሽው። አባትሽም ሰው እንጂ ቅቤ አይደለም፤ በፎርትስሃይም ሙቀት አይቀልጥም።

የሆነ ነገር ካለ ንገሪኝ። መናገር ካቃተሽ ደግሞ ብየዳውን ተይውና ከነስንጥቋ መልሺልኝ። በክር አንጠለጥላታለሁ። ያለ እሷ መልመድ አልቻልኩም።

ሎሬ


ፎርትስሃይም፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998

ለውድ አክስቴ ለሎሬ፤

ይህን ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ፤ ልብሽንም እግዚአብሔር ያጽናልኝ።

አምፖሉ የተቀየረው ሙዳይሽ በመጣችበት ሳምንት ነው። ዋሽቼሻለሁ። ሙዳይሽን አልከፈትኳትም፤ ነገር ግን ስንጥቋን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳስገባ መብራቱ ወደ ውስጥ ገባ። ጸጉር የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጥላሸት ብቻ ነው ያለው። ከአንድ ጎን ወደ ሌላ ጎን እያዞርኩ ግማሽ ቀን ተመለከትኩ፤ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር።

በማግስቱ አባባ ዳቦውን እየበላ ሳለ ሙዳይቱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አላገላበጣትም። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው መለሳት፣ ዳቦውን በከፊል ትቶ ወጣ፣ ከዚያም ከሁለት ወር በላይ ወደ ሱቅ አልመጣም። ሙቀቱ ነው ያልኩሽ ይህንን ነው። የኦገስት ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ይዤው ቤቱ ሄድኩና አነበብኩለት። በክር አንጠለጥላታለሁ ያልሽው ላይ ስደርስ እጁን አነሣ።

«ተቃጥሏል» አለኝ። «ያኔውኑ ነው የተቃጠለው።»

የነገረኝ እንዲህ ነው። ጸጉሩን በእርጥብ ወረቀት ጠቀለለው፤ በላዩ የኖራ ጭቃ ቀባበት፤ እርጥበቱ ከነበልባሉ ያድነዋል ብሎ አስቦ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ ሲበየድ ትንፋሽ ማስወጫ ካልተተወለት ስለሚፈነዳ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ተወ። የብየዳ ቅይጡ መፍሰስ ሲጀምር በዚያች ቀዳዳ ጭስ መጣ። ያን ጊዜ እሳቱን ቢያነሣ ጸጉሩ ላይተርፍ ወርቁም ይበላሻል፤ ስለዚህ እያየ ጨረሰው። ቀዳዳዋን ደፈነ፣ ወለወላት፣ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ባቡርሽ ሊነሣ አንድ ሰዓት አልቀረውም ነበር፤ ሌላ ጸጉርም አልነበረም።

ለምን አልጻፍክላትም አልኩት።

«ወረቀት ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር መጀመሪያ መጻፍ ያለብኝ እሱን ነበር» አለኝ። «እሱን ዘልዬ ስለ አየሩ ልጻፍላት?»

ልወጣ ስል ደግሞ በሩ ላይ ያዘኝና ዝጊያትና ላኪላት አለኝ። መሣሪያሽ ዱካ አይተውም፣ ማን ያውቃል አለ። እውነቱን ነው። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ዘግቼ፣ ወልውዬ፣ በካልሲሽ ጠቅልዬ ልልክልሽ እችላለሁ፤ ቫልዶሚሮ በአጉሊ መነጽር ቢፈልግ ስፌቷን አያገኘውም። ሁለት ጊዜ እጄን መሣሪያው ውስጥ አስገብቼ ነበር። ፔዳሉን መርገጥ ግን አቃተኝ። ባላየሁ ኖሮ እዘጋት ነበር፤ አይቼ ግን አልችልም።

አንድ ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። አባባ ሥራ የተወው እርጅና አሸንፎት አይደለም። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፤ ሰው ፊት ዳቦ ብቻ የሚበላውም ለዚሁ ነው።

አሁን ምን ላድርግ? እንዳልሽኝ ሳልከፍት ልዝጋትና ልላክልሽ? ይህን መጻፌን አባባ አያውቅም። ያለሽን አንድ ነገር ስላሳጣሁሽ ይቅር በይኝ።

ሃይድሩን


ኖቮ ሃምቡርጎ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1999

ለልጄ ለሃይድሩን፤

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። መልሴ የዘገየው ተቀይሜሽ አይደለም። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት።

ምንም አላሳጣሽኝም። አውቅ ነበር።

ያን ቀን ጣቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ አንገቴ ላይ ሲያስርልኝ ሸተተኝ። የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ማንን ይስተዋል? ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ያኔ «ምን ሆነ?» ብለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ተቃቅፈን አልቅሰን እንለያይ ነበር። እኔ ግን ባቡሩ ሊሄድ ነው፣ ይህን በሐዘን ላይ ሐዘን አልጨምርበትም ብዬ ሳቅሁለት። እንዴት ታምራለች አልኩት። ከዚያ ሦስት ሳምንት መርከብ ላይ ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ጠፍቷል። በጣም አለቀስኩ፤ ከእናቴ የቀረኝ ሽታው ብቻ ነበርና።

እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። አንድ ዓመት ሲሞላ ይነግረኛል አልኩ፤ ሲያገባ ይነግረኛል አልኩ፤ አንቺ ስትወለጂ ይነግረኛል አልኩ። እኔ ብሆን መጻፍ አያቅተኝም ነበር፤ አውቃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ሁለት ቃል ነው። እልኸኛ ነኝ፤ መጀመሪያ እሱ ይበለኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ይኸው አረጀን። ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው አትበሉ።

ሳትከፈት ትበየድ ያልኩሽም እሱ እንዳያፍር ብዬ ነው። ግን ወደ ሌላ ሰው ሳይሆን ወደ እሱ ሱቅ የላክኋት ለምን እንደሆነ ገብቶሻል። ማንጠልጠያው ባይበጠስ እኔው ሳልበጥሰው አልቀርም ነበር።

አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። ትከፈት። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ የእኔን ጸጉር አድርጌያለሁ፤ በሰም በተቀባ የጫማ ክር አስሬዋለሁ፤ ከዚህ ከተማ ሌላ ክር አይገኝም። ነጭ ሆኗል፤ ሆኖም የእናታችን ዓይነት ነው፤ ወፍራምና የማይተኛ። የኦይገንንም ቁረጪ፤ ከቀረው ማለቴ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስገቡና ዝጓት። ብርሃንሽ አጠገቡ ያለውን አይነካም ብለሽኛል፤ እስኪ አሳዪኝ።

ፔዳሉን ግን እሱ ይርገጥ። እጁ ይንቀጠቀጣል ብለሽ እንዳትከለክዪው።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር በጥላው ያኑራችሁ።
ሎሬ


ፎርትስሃይም፣ ማርች 7 ቀን 1999

ለእህቴ ለሎሬ፤

ጤና ይስጥልኝ። ፊደሌ የሚዘለው ከእጄ ነው፤ ካልተነበበልሽ ሃይድሩን ትገለብጥልሻለች።

የእናታችንን ጸጉር አቃጥዬዋለሁ። አውቄ ሰጠሁሽ፤ ዋሸሁሽ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ ይህ ነው፤ አሁን ጻፍኩት። ይቅር በይኝ ሎሬ። ደብዳቤሽን ሃይድሩን ስታነብልኝ ሳቅሁለት ያልሽው ላይ ስትደርስ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ያ ሳቅሽ ትዝ ይለኛል። ስንት ዓመት ሙሉ እሷ እኮ ደስ ብሏት ነው የሄደችው እያልኩ በእሱ ስጽናና ኖሬያለሁ።

ሥራውን ልንገርሽ። ሃይድሩን በቀጭን መጋዝ በድሮው ስፌት ላይ ከፈተቻት። የድሮውን የብየዳ ቅይጤን እኔው በሞረድ እስከ መጨረሻው ፋቅሁት፤ በዚህ ብርሃን ሥር እየፈላ ይረጫል አለችኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ጥላሸቱን ከጠርዙ ላይ ብቻ ጠረግነው፤ ስፌቱን እንዳያቆሽሽ። የውስጡን አልነካሁትም፤ የእሷ ነው። የአንቺን ጸጉር ከነጫማ ክሩ አስገባሁ፤ ከእኔ ከጆሮዬ ኋላ የተረፈውን ቆርጠን ከጎኑ አደረግን።

ከዚያ እጄን የዶሮ ቤቱ ውስጥ አስገባሁ። ሃይድሩን በአንድ በኩል ያዘችልኝ፣ እኔ በሌላው። እንደፈራሁት እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በማይክሮስኮፑ ሲታይ ደግሞ ሙዳይቱ ሁሉ ትደንሳለች። ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ሃይድሩን «አባባ፣ አትያዛት፤ ጠብቃት» አለችኝ። ጠበቅኋት። መንቀጥቀጡ ራሱ ስፌቱን ወደ መስቀሉ ያመጣዋል፤ ሲመጣ እረግጣለሁ። ብርሃኑ በጣም አጭር ስለሆነ እጄ በዚያች ቅጽበት ለመንቀሳቀስ ጊዜ የለውም። ነጥቡ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ ረገጥኩ። አንዷ ስታ ጣቴን ወጋችኝ፤ ይገባኛል። ከአሥር ዓመት በኋላ ወርቅ በየድኩ።

የመጨረሻዋን ነጥብ እስክረግጥ ድረስ ቀዳዳ ፍለጋ እያየሁ ነበር፤ ጭስ ይወጣል ብዬ። ቀዳዳም የለም፣ ጭስም የለም። ሙዳይቱ መዳፌ ላይ እንደ ሰው ገላ ለብ ብላለች።

ካልሲሽ ውስጥ ጠቅልለን ነገ በአደራ ፖስታ እንልካታለን። ሃይድሩን አሽትታት ምንም ሽታ የላትም አለችኝ። እኔም አሸተትኳት፤ ምንም አልሸተተኝም። አፍንጫዬ ግን አርጅቷል፣ አላምነውም። ስትደርስሽ አንቺ አሽትቻትና ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኦይገን